ያልተበላችው ንግሥት

ጎረቤታችን እትዬ እቴነሽ የእማዬን ስልክ የሰረቀችው በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሌባ መሆኗን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። "ሙሉእመቤት፣ ካርድ አልቆብኝ ነው፣ አንዴ ልደውልበት" ብላ ተቀበለቻትና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። አልደወለችም። የስልኩን ጀርባ ፈልቅቃ ባትሪውን አወጣች፤ ስልኩንም ባትሪውንም ደረቷ ውስጥ ወሸቀች። "እዚህ ኔትወርክ የለም መሰለኝ፣ እቤቴ ሆኜ ልሞክር" ብላ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። እማዬ ምስር እየለቀመች ስለነበር ቀና ብላም አላየቻት። ቤታችን ሌላ ስልክ አልነበረም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ላሳጣት አፌን ስከፍት እትዬ እቴነሽ ከደጅ በመስኮት አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዓይኗ ደም መስሏል። ሌባ ሲሰርቅ ዓይኑ የሚቀላ መሰለኝና ፈርቼ ዝም አልሁ።

አሁን የማውቀውን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል፤ ልብ ማንጠልጠል አልወድም። ወንድሜ ኤርምያስ ሞቶ ነበር። ደሴ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። ለቡሄ እመጣለሁ፣ ረቡዕ ጠብቁኝ ብሎ ነግሮን፣ ሊያስደንቀን ነው መሰለኝ አንድ ቀን ቀድሞ ተነሣ። ንፋስ መውጫ አድሮ በማለዳ የተሳፈረበት መኪና ከጉና ወደ ገሳይ ሲወርድ በጭጋጉ ውስጥ ተገለበጠ። ሬሳውን ቀትር ላይ ደብረ ታቦር አምጥተው ሆስፒታል አንድ ክፍል ውስጥ አስተኙት። ከቤታችን እዚያ ድረስ በእግር ቢሄዱ አያደክምም። ከሰዓት ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ያልሰማነው እማዬ፣ አባዬና እኔ ብቻ ነበርን።

በእኛ ዘንድ መርዶ ከቀትር በኋላ አይነገርም። ሰው ያንን ሰምቶ ሌሊቱን አይችለውም ይባላል። እህል ይቅመስ፣ ይተኛ፣ ጉልበት ይኑረው፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች የንስሐ አባቱን ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ ወሬው እንዳይደርስበት አንድ የቅርብ ዘመድ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ይኸን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም። እናት አይደለችም ያወጣችው እያልሁ ስበሳጭ ነው ብዙ ዓመት የኖርሁት።

የእኛን ቤት እንዲጠብቅ የተላከው የእማዬ ታናሽ ወንድም ይሻው ነበር።

ይሻው የእህል ነጋዴ ነው፤ ከእብናት ጤፍና ማሽላ እየጫነ ያመጣል። ድምፁ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአባዬ ጋር ቼዝ ይጫወታል፤ አንድ ነገር በበላ ቁጥር "በላሁት!" ብሎ ሲጮህ ጎረቤት ይሰማዋል። ያን ዕለት ግን በሥራ ቀን፣ ያለ ድምፅ፣ የራሰ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ገብቶ ቆመ።

"ምነው ይሻው፣ በደኅና?" አለች እማዬ።

"ደኅና ነው፣ እታለም። ዝናቡ ሥራ አስፈታን። መምህርን ልግጠማቸው ብዬ ነው። እሑድ ማሸነፋቸው አንገብግቦኝ።"

"እንግዲያ ኮትህን አውልቅ። ቤቱን በውኃ ሞላኸው።"

አባዬ መምህር ሀብተማርያም ይባላል፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ዝግ ነው፤ ሥራ ፈትቶ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ነው የዋለው። የሚገጥመው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት ገበታውን አወጣ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ቼዝ ሲጫወት ወታደርን በወታደር ፊት የሚያቆም፣ ንጉሡን አጥር ውስጥ ከትቶ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ለፋሲካ ኤርምያስ መጣና ይኸን ልማዱን አስጣለው። ዩኒቨርሲቲ ከሚጫወቱ ልጆች የተማረውን፣ "ዘንዶ" የሚሉትን መከላከል አሳየው። ነጭ የመካከሉን ወታደር ሲገፋ ጥቁር ፊት ለፊት አይገጥመውም፤ ከጎን ይነክሰዋል። ከዚያ ጳጳሱን ጥግ ላይ አድፍጦ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ነጭ ወታደሮቹን እየነዳ በንጉሡ ላይ ሲመጣበትም አይመልስም፤ እሱም በበኩሉ የነጭን ንጉሥ ሊገድል በሌላው ጎን ይሮጣል።

"መከላከል ነው ትለኛለህ፤ ታዲያ የት አለ መከላከሉ?" ብሎ ነበር አባዬ።

"ቀድሞ መድረሱ ነዋ፣ አባዬ። አንዲት እርምጃ ከዘገየህ አለቀልህ።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝሁት መከላከል የሚለውን ብቻ ነው። አባዬ ዘንዶን በተጫወተ ቀን ቤታችን ላይ ክፉ ነገር ሊደርስ አይችልም ብዬ አመንሁ። ስለዚህ ይሻው ነጭ ይዞ የመካከሉን ወታደር ሲገፋ፣ አባዬም የጳጳሱን ወታደር ሁለት ቤት ሲያስኬድ፣ ወንበሬን ስቤ አገጬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ተቀመጥሁ።

"የልጅዎን ይዘው መጡብኝ" አለ ይሻው። ከዚያ ትን እንዳለው ሰው ሳለ።

"የልጄን ነው። ነገ ሲመጣ ምን ያህል እንደገባኝ አሳየዋለሁ። እስከዚያ በአንተ ልለማመድ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ይሻው ንጉሡን በንግሥቲቱ በኩል ደበቀና የዳር ወታደሮቹን በአባዬ ንጉሥ ላይ መንዳት ጀመረ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ነው፤ የራሰ ኮቱን ግን አሁንም አላወለቀም። በርዶታል ብዬ ጋቢ አመጣሁለት። ትከሻው ላይ ሳደርግለት ራሴን ይዞ ሳመኝና እስኪያመኝ ድረስ አልለቅሽ አለኝ። አባዬን በጣም ስለፈራው አዘንሁለት።

አባዬ ኤርምያስ እንዳስተማረው ግንቡን ለአንድ ፈረስ ሰጠ። አደገኛ ነገር ነው፤ ካልተሳካ መመለሻ የለውም። ሲሳካ ግን የነጭ ንጉሥ ራቁቱን ይቀራል። እሱ ሲያስብ እኔ በመስኮት ወደ ደጅ አየሁ። የዕድሩ ሰዎች የድንኳን ቋሚ በትከሻቸው፣ ትልልቅ ድስት በእጃቸው ይዘው ወደ እትዬ እቴነሽ ግቢ ይገባሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ቤታችን አየና ቶሎ ፊቱን መለሰ።

"አባዬ! እትዬ እቴነሽ ቤት ሠርግ አለ!" አልሁ።

አባዬ ቀና ብሎ በመስኮቱ አየ። ብዙ አላየም።

"በፍልሰታ ሠርግ የለም፣ ርብቃ" አለኝ።

"ለቡሄ ይሆናል" አለ ይሻው፣ ከገበታው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።

እማዬ ከጓዳ ገብታ ስለነበር አልሰማችም። አባዬ ንግሥቲቱን አነሣና የይሻው ፈረስ በሚደርስባት ቤት ላይ አስቀመጣት። ከኋላዋ የሚጠብቃት ነገር አልነበረም። እኔ እንኳ፣ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ገና የሚምታታብኝ፣ አየሁት። ልጮህ ነበር፤ ግን አባዬ አይሳሳትም፣ ወጥመድ መሆን አለበት አልሁና አፌን በእጄ ያዝሁ።

ይሻው ንግሥቲቱን አያት። ፈረሱንም አየው። እጁን ዘረጋና ከዳር ያለ አንድ የማይረባ ወታደር አንዲት ቤት ገፋ።

ወጥመዱን ፈርቶ ነው! እንዴት ያለ አባት ነው ያለኝ! ያን ጊዜ አባዬ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨበጠኝ፤ ጥፍሩ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። ማሸነፉን በምስጢር እየነገረኝ መስሎኝ አመመኝ አላልሁም።

ይሻው ይኸን የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ባሕር ዳር ሥራ ከያዝሁ ወዲያ ሊጠይቀኝ መጥቶ። "ንግሥቲቱን አይቻታለሁ" አለኝ። "ብበላት ጨዋታው ያልቃል። ካለቀ ደግሞ ምን ብዬ ልቀመጥ? ምን እያወራሁ ላምሽ? ተውኋት። ቀና ስል አባትሽ ገበታውን ትተው እኔን እያዩኝ ነው። ያን ጊዜ ነው ያረዳኋቸው፣ ርብቃ፤ በአፌ አይደለም እንጂ።"

ሆን ብሎ ነው ያስቀመጣት። ይሻው በሕይወቱ የተሰጠችውን ንግሥት ትቶ የሚያልፍ ሰው እንዳልነበረ አባዬ ያውቃል።

"የገሳይ መንገድ እንዴት ነው?" አለ አባዬ ቀስ ብሎ።

"ጭጋግ ነው" አለ ይሻው።

"ብዙ ሰው ነው?"

ይሻው በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ። እኔ መንገዱ ላይ የሚሄደውን ሰው የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። ጓዳ በር ላይ የእማዬ እግር ተሰማ።

"ተጫወት" አለው አባዬ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጨዋታ ኤርምያስ ቢያየው ኖሮ ይበሳጭ ነበር። ይሻው ፈረሱን ያወጣል፤ በሚቀጥለው መልሶ ያስገባል። አባዬ ጳጳሱን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች። ንግሥቲቱ እዚያው ፈረሱ አፍ ላይ ቆማ ማንም አልነካት አለ። ሁለቱም ወደ ገበታው አቀርቅረው፣ ጨዋታው እንዳያልቅ ሁለቱም ይደክማሉ። እኔ ግን ትልልቅ ሰዎች ሲራቀቁ እንዲህ ነው ብዬ ተመሰጥሁ።

እማዬ የምስሯን ሰፌድ ይዛ አጠገባችን ተቀመጠች። የኤርምያስን አልጋ አንጥፋለት መምጣቷ ነበር፤ አዲሱን አንሶላ ነው ያነጠፍሁለት አለች።

"ዛሬ ያለ ጩኸት እንዴት ቻልኸው፣ ይሻው? ጉሮሮህን ታመምህ?"

"ምን ልጩህ፣ እታለም፣ ምንም አልበላሁ።"

አባዬ ከወንበሩ ዘወር ብሎ አያት። በአዘቦቱ ቁጥብ ሰው ነው፤ ቤት ውስጥ የሚናገረው ሲጠየቅ ነው። ያን ማታ ግን አፉ ተፈታ። "እሱማ መጮህ ትቶ መንከስ የጀመረ ቀን ነው የሚፈራው" አለ። "የሠርጋችንን ቀን ረሳሽው?"

"ኧረ ተው፣ ልጅቱ ትስማ!"

"ትስማ እንጂ። ይኸውልሽ ርብቃ፣ እናትሽን ልወስድ ብመጣ ይኸ አጎትሽ፣ ያኔ ቁመቱ ይችን ታክላለች፣ አልጋ ሥር ተደብቋል። ሚዜዬ ሙሽራዪቱን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ከሥር ወጥቶ መቀመጫውን ነከሰው። በጥርሱ ነው የምልሽ! ሚዜዬ መድኃኔ ዓለም ድረስ ሲያነክስ ሄደ። ሰዉ የሙሽራው ሚዜ አንካሳ ነው እያለ ሲያማን ዋለ።"

እማዬ ሳቀች። ሰፌዱ ከጭኗ ተንሸራትቶ ምስሩ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ያንን አይታ ደግሞ ባሰባት። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች "ሆዴን! ኧረ ሆዴን!" አለች። አባዬ የሚዜውን አነካከስ ተነሥቶ አሳያት። ይሻውም ሳቀ፤ እንባው በጉንጩ እስኪወርድ ሳቀ። ሦስቱም ሲያለቅሱ እኔ ምስሩን ከወለል እየለቀምሁ፣ ከዚህ የበለጠ ደስተኛ ቤት ደብረ ታቦር ውስጥ የለም እያልሁ ነበር።

እውነቴን ነው፣ ያን ማታ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ የሚመጣው ደስታው ነው፤ ከዚያ ነው የሚያንገፈግፈኝ።

እራት ሽሮ በላን። ይሻው ጉርሻውን በአፉ ይዞ ቀረ፤ እማዬ ዛሬ መሸነፍ ከእህልም አጣልቶሃል እያለች ቀለደችበት። ዝናቡ አላባራም ብሎ እኛው ቤት ቀረ። አባዬ "በጊዜ ተኚ፣ ነገ ብዙ ሥራ አለብሽ" አላትና ጋቢውን እግሯ ላይ አለበሳት። የቡሄ ዳቦ የሚጋገርበትን ቀን ማለቱ ነው ብላ እሺ አለችው። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። የአባዬን አልጋ ሲንቋቋ አልሰማሁም፤ እሱ ጋደም እንኳ አላለም።

የነቃሁት በር ሲንኳኳ ነው። መስኮቱ ገና ግራጫ ነበር። አባዬ ለብሶ፣ ነጠላውን ለሐዘን እንደሚደረገው አጣፍቶ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። እሱ ነው የከፈተው። የንስሐ አባታችን ቄስ ወርቁ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ፤ ከኋላቸው ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ኋላ እትዬ እቴነሽና የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ። እማዬ ከመኝታ ቤት ፀጉሯን እየሸፈነች ወጣች።

"ደኅና አደሩ፣ አባ፤ ምነው በዚህ ማለዳ?" አለች። ከዚያ የሴቶቹን ነጠላ አየች።

"ሙሉእመቤት፣ ልጄ" አሉ ቄስ ወርቁ፤ "የሰጠ አምላክ ወሰደ። ኤርምያስ ዐረፈ።"

የእናቴን ጩኸት አልጽፈውም። ሴቶቹ ደረቷን እንዳትደቃ እጇን ያዙ፤ ፊቷን እንዳትነጭ ጣቷን ያዙ። እኔ አልጋዬ ሥር ገብቼ ጆሮዬን ደፈንሁ፤ የዘንዶው መከላከል እያለ ይኸ እንዴት ይሆናል እያልሁ። ጥቂት ቆይቶ ድምፅዋ ሲቆም ነው የወጣሁት።

"የት ነው ያለ?" ትላለች። "ልጄ የት ነው?"

"እዚሁ ነው፣ እዚሁ ሆስፒታል" አለ ይሻው መሬት መሬት እያየ። "ትናንት ቀትር ላይ ነው ያመጡት።"

"ትናንት?"

እማዬ የያዟትን እጆች ሁሉ ከላይዋ አራገፈች። ወደ አባዬ ዞረች። አየችው፤ ልብሱን፣ ነጠላውን፣ እንቅልፍ ያልነካውን ፊቱን አየች።

"አንተ ታውቅ ነበር?"

አላውቅም ቢል ይበቃ ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰው ያንን ቃል ይጠብቅ ነበር፤ ቄስ ወርቁም ሳይቀሩ። አባዬ ግን ዋሽቶ አያውቅም፣ ከዚያ አንድ ማታ በቀር።

"ከጨዋታው ላይ ዐወቅሁ" አለ። "አንድ ሌሊት እንኳ እንድትተኚ ብዬ ነው።"

"እያወቅህ አሳቅኸኝ?"

"ሙሉዬ..."

"ልጄ እዚያ ብቻውን ተጋድሞ፣ ሳይለቀስለት አደረ። እናቱ እዚህ አጠገቡ ተቀምጣ ጥርሷን ስታሳይ አመሸች። አንተ ነህ ያሳቅኸኝ።"

እማዬ ባዶ እግሯን ጭቃው ውስጥ ወጣች፤ ሰፈሩ ሁሉ እየጮኸ ተከተላት። አባዬ ብቻውን ከኋላ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አብረው ኖሩ። አልተፋቱም፤ ሰው ፊትም አልተጣሉም። እህሉን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ሲታመም ትጠይቀዋለች። ነገር ግን አባዬ አንድ ወሬ ሊያወራ "አንድ ጊዜ" ብሎ ሲጀምር እማዬ ተነሥታ ወደ ደጅ ትወጣ ነበር። ጨዋታ ለማምጣት የሚሞክርበት ጊዜ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጨርሶ ተወው። ሁለት ሰዎች በዝምታ እየተጠባበቁ በሚያረጁበት ቤት ነው ያደግሁት። ይቅር አላለችውም፤ ልጠይቃትም ደፍሬ አላውቅም። የሚገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እናቴ ዳግመኛ አንዲት ሌሊት ሊሰርቃት የሚመጣውን ሰው ዓይኑን አታየውም።

ባለፈው መጋቢት አባዬ ታሞ እኔ ዘንድ ባሕር ዳር መጣ። እማዬ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ደብረ ታቦር ቀረች። ሆስፒታል በገባ በሳምንቱ፣ ረፋድ ላይ፣ እጄን ይዞ ዐረፈ። ከክፍሉ ሳልወጣ፣ አብሮኝ የሚያስታምም ዘመድ ነግሯቸው ኖሮ፣ ዘመድ ሁሉ ደወለልኝ። "እንዳትነግሪያት። ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ይሻው ዛሬ አብሯት ያመሻል።" ይሻው ራሱ ሲደውል ድምፁ የሽማግሌ ነበር። "ሂድ ትሉኛላችሁ እንጂ፣ ርብቃ፣ ሁለተኛ ያንን አልችለውም" አለኝና አለቀሰ።

እኔ እችላለሁ አልሁ። ያኔ ሕፃን ነበርሁ፣ አሁን አይደለሁም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደወልሁ።

"ርብቃ? አባትሽ ምግብ ቀመሰ?" አለች።

"እማዬ፣ ተቀመጪ። አባዬ ዐረፈ። አሁን ነው፤ ገና አሁን። ማንም ሳይቀድመኝ ነው የነገርሁሽ።"

በስልኩ ውስጥ አጥራችን ላይ የሚጮኹ ወፎች ይሰሙኛል። ጎበዝ እንድትለኝ እጠብቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያች ሰዓት መጠበቄ ያሳፍራል፣ ግን እጠብቅ ነበር።

"ምነው ልጄ" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። "ዛሬን እንኳ፣ አለልኝ እያልሁ፣ ከእሱ ጋር ብታሳድሪኝ ምን ነበረበት?"

ከዚያ ጮኸች። ስልኩ ከእጇ ሲወድቅ ሰማሁ፤ አልተዘጋም። ደጋግማ ስሙን ትጠራለች፣ ሀብተ እያለች፣ እኔ ጭራሽ ሰምቼው በማላውቅ ስም። ደረቷን ስትደቃ ይሰማኛል፤ ቤቱ ውስጥ እጇን የሚይዝላት ሰው አልነበረም።